የተከፈተ ቤተ መጻሕፍት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 አሳቤን በአንድ ጥያቄ ልጀምር። በዚህ በደካ የሚኖር አንድ ተማሪ በደጁ ስላለው ደንና በደኑ ውስጥ ስለሚበቅለው ቡና የተጻፈውን ለማንበብ ቢፈልግ፣ ጽሑፉን ከወዴት ያገኘዋል?

በካፋ ምድር ቡና ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ይህ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል። ስለ ምድሩም ስለ ሕዝቡም አያሌ ሰዎች ጽፈዋል። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ካፋ መጥቶ ያየውንና የሰማውን በሁለት ጥራዝ በጀርመንኛ ጽፎ በ1920 እና በ1923 አሳትሟል። ከእርሱ በኋላም ብዙ ተመራማሪዎች መጥተው አባቶቻችንን ጠይቀዋል፤ ቅጠልና ፍሬ ሰብስበዋል፤ ጽፈውም ሄደዋል። የተናገሩት አባቶች ግን የተጻፈውን አላነበቡትም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ዕውቀቱ ከእኛ የራቀው ስለ ምንድር ነው? አንደኛው ምክንያት የቦታ ርቀት ነው። ሁለተኛው ግን ዋጋ ነው። አንድ ተመራማሪ የምርምሩን ውጤት ወደ ሳይንስ መጽሔት ሲልክ እንደ ነጋዴ ዋጋ አይቀበልም። ጽሑፉን የሚመረምሩት ሌሎች ሊቃውንትም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ያለ ክፍያ ነው። መጽሔቱን የሚያሳትመው ድርጅት ግን ለየዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ በውድ ዋጋ ይሸጠዋል። እንግዲህ በሕዝብ ገንዘብ የተደረገን ምርምር ሕዝቡ ለማንበብ ሁለተኛ ጊዜ ይከፍላል፤ መክፈል ያልቻለውም ከደጅ ይቀራል።

ይህንን ነገር ለማረም በቡዳፔስት የተሰበሰቡ አንዳንድ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ መግለጫ አወጡ። አሳቡም «ክፍት ተደራሽነት» ይባላል። ይኸውም የምርምር ጽሑፍ በኢንተርኔት ላይ ያለ ዋጋ ይገኝ፤ ማንም ያንብበው፤ ይገልብጠው፤ ለሌላም ያካፍለው፤ የጸሐፊው ስም ብቻ በሚገባ ይጠቀስ ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ሰፍቷል። ቀድሞ ሥራው መጽሐፍ ገዝቶ መደርደርና ማዋስ ነበረ። ዛሬ ደግሞ መምህራኑና ተማሪዎቹ የጻፉትን ይሰበስባል፤ በዲጂታል ግምጃ ቤት ያኖራል፤ አርእስቱን፣ ጸሐፊውን፣ ዓመቱንና ጉዳዩን ይመዘግባል፤ ለዓለምም ይከፍታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን በእንደዚህ ያለ ግምጃ ቤት ያኖራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የዚያን ጊዜው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በሕዝብ ገንዘብ የተደረገ ምርምር ለሁሉ ክፍት እንዲሆንና በብሔራዊ የዲጂታል ግምጃ ቤት እንዲቀመጥ የሚያዝ ፖሊሲ አጽድቋል።

የነገሩ ጥቅም በምሳሌ ይታይ። ክርስቲን ሽሚት የተባሉት ጀርመናዊት ተመራማሪ በቦንጋ አካባቢ ስላለው ደንና ስለ ዱር ቡና የዶክትሬት ጽሑፍ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። ሰው ቡናውን ሲንከባከብ በሌላው ዕፅ ላይ ምን እንደሚደርስ የሚመረምር ነው። ይህ ጽሑፍ ዛሬ በኢንተርኔት ያለ ዋጋ ይነበባል። እንደዚሁም የአገራችን ሰው ዶክተር ታደሰ ወልደ ማርያም ጎሌ ከእንግሊዝ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ጥናት ለሁሉ ክፍት በሆነ መጽሔት ላይ አውጥተዋል። የዱር ቡና የታየባቸውን ሥፍራዎች ከአየር ንብረት መዝገብ ጋር በኮምፒዩተር አገናኝተው ሲያሰሉ፣ ለዱር ቡና ከሚስማሙት ሥፍራዎች እስከ 2080 ድረስ ቢያንስ 65 በመቶ ያህሉ ሊጠፉ እንደሚችሉ አግኝተዋል። ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው ከማንም በፊት ለማን ነው? በዚህ ደን ለሚኖረው ገበሬና ለልጁ አይደለምን?

ሌላም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በገዳማትና በአብያተ ክርስቲያናት ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ ቅጂው በአሜሪካ በሚኔሶታ ተቀመጠ። በ1975 በጥይት ቆስለው ከአገር የወጡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለአያሌ ዓመታት የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጁ። ዛሬ ተመራማሪው በሩቅ ገዳማት ያሉ ብዙ መጻሕፍትን ከአንድ ወንበር ሳይነሣ ጎን ለጎን ያስተያያል። የዲጂታል ምርምር የሚባለውም ይኸው ነው። መሣሪያው ብቻውን ግን ምንም አይደለም፤ አስቀድሞ አንድ ሰው ተቀምጦ በትዕግሥት መመዝገብ ነበረበት።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤ በሩ ቢከፈትም መፈለግን ያላወቀ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ሁለት ነገር ላስታውሳችሁ። ካፋን በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ «ኤፍ»፣ ሌላው በሁለት «ኤፍ» ይጽፈዋል፤ በአማርኛም «ካፋ» የሚል አለ፣ «ከፋ» የሚልም አለ። በሁሉም መንገድ ፈልጉ። ደግሞም በእኛ ልማድ የሰው ስም የራሱ ስም ነው፤ ብዙ የውጭ አገር መዝገቦች ግን የአባቱን ስም ያስቀድማሉ። በአንዱ ያጣችሁትን ጸሐፊ በሌላው ታገኙታላችሁ።

ወላጆች አንድ ነገር እንደሚያሳስባቸው አውቃለሁ። «ሁሉ ነገር ይከፈት ማለት የአባቶቻችንን ምስጢር ለማንም መስጠት አይደለምን?» የሚል ሰው ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የመድኃኒት ሥርን የሚያውቅ ሽማግሌ የነገረውን ለመጻፍ አስቀድሞ ፈቃዱን መጠየቅ ይገባል። መከፈት ማለት መዘረፍ ማለት አይደለም። ከሰው የተወሰደ ዕውቀት ግን ቢያንስ ወደ ሰጪው ተመልሶ መነበብ አለበት።

«መብራት ይጠፋል፤ ኢንተርኔትም ደካማ ነው» የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን ክፍት የሆነ ጽሑፍ መገልበጥ የተፈቀደ ስለ ሆነ፣ አንድ ሰው ወደ ቦንጋ ሲሄድ በአንዲት ፍላሽ መቶ ጽሑፍ ይዞ መመለስ ይችላል። አንድ ጊዜ ከታተመ ደግሞ መብራት አያስፈልገውም።

ስለዚህ በዚህ በዓል ላይ ሦስት ነገር እለምናለሁ። መምህራን ሆይ፤ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ካፋ ለተጻፉ ነገሮች አንድ መደርደሪያ ስጡን፤ የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችም ክፍት ጽሑፎችን በመምረጥ እንዲረዱን ጠይቁልን። ወላጆች ሆይ፤ የምታውቁትን ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ የሚጻፈውንና የማይጻፈውንም ለይታችሁ አሳዩን። እኛም ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አንብበን፣ አሳቡን በአንድ ገጽ በአማርኛና በካፊኖኖ እንጻፍ፤ የጸሐፊውንም ስም ከላይ እናስቀምጥ። የሌላውን ድካም በራስ ስም ማቅረብ ሌብነት ነውና።

ትምህርት ቤታችን ቀጣዩን በዓሉን ሲያከብር ያ መደርደሪያ ሞልቶ ይገኝ ዘንድ እመኛለሁ። ያን ጊዜ አንድ የደካ ልጅ ስለ ደኑ ሲጠየቅ «አያቴ እንዲህ ነገረኝ፤ ሊቃውንቱም እንዲህ ጻፉ፤ እኔም ሄጄ አየሁ» ብሎ መመለስ ይችላል።