የቦሌ ከፍታና የሎሜ ማረፊያ



ስለ አየር መንገዶች ውድድር ሲወሳ ዘወትር የሚቀድመው የቲኬት ዋጋ ነው። እኔ ግን ስለ ከፍታ ጥቂት ልናገር እወዳለሁ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። አየሩ ስስ በመሆኑ የሞተሩም የክንፉም ኃይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ወደ ሩቅ አገር የሚነሣ አውሮፕላን ከነዳጁ ወይም ከጭነቱ መቀነስ ግድ ይሆንበታል። ዱባይና ዶሃ በባሕር ዳር ስላሉ ይህን ግብር አይከፍሉም፤ ሙቀታቸው ግን የራሱን ያስከፍላቸዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለብዙ ዓመታት ከዋሽንግተን በቀጥታ እየተመለሰ፣ ሲሄድ ግን በመንገድ አርፎ ነዳጅ የቀዳው በዚሁ ምክንያት ነው። ታዲያ ማረፉ ካልቀረ የት ይረፍ? ነዳጅ ብቻ የሚቀዳበት ስፍራ ወጪ ነው፤ መንገደኛ የሚሳፈርበት ግን ገበያ ነው። አየር መንገዱ ባለድርሻ የሆነበት አስካይ እ.ኤ.አ. በ2010 በሎሜ ሥራ ጀመረ፤ በ2016 ደግሞ በሎሜ በኩል ወደ ኒውአርክ የሚደረገው በረራ ተከፈተ። አስካይ ከምዕራብ አፍሪካ ከተሞች የሰበሰበው መንገደኛ እዚያው ይሳፈራል።

ሆኖም ከሎሜ መንገደኛ የመጫን መብት በመንግሥታት ፈቃድ የተገኘ ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ሎሜን እንለፋት የሚል ሐሳብ ቢነሣ እኔ አልደግፈውም፤ ነዳጁ ቢቀር መንገደኛው አለና።