አንድ መድኃኒት፣ አንድ መጠን፣ ሁለት ሰው
(በባቻችን የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሥራህ አንድ ነገር አጫውተን፤ አደራህን፣ እንደ ሴሚናር እንዳታስረዝመው» ስላሉኝ አንድ ታካሚ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ።

ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ነው። የሌለ ድምፅ የሚሰማ አንድ ወጣት ተማሪ እናቱ ይዘውት መጡ። ሃሎፔሪዶል ጀመርንለት፤ ድምፁ ቀነሰ። በሳምንቱ ግን ልጁ መቀመጥ አቃተው። ኮሪደሩን ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል፤ ቆሞም እግሩን ይቀያይራል። እኔ ሆዬ ሕመሙ ተባባሰ ብዬ መጠኑን ጨመርኩ። ባሰበት። ያስቆሙኝ እናቱ ናቸው፦ «ዶክተር፣ ልጄ እንዲህ የሆነው ኪኒኑን ከጀመረ ወዲህ እኮ ነው!» እውነታቸውን ነበር። የመድኃኒቱ ጉዳት ነው፤ አካቲዚያ ይባላል። መጠኑን ቀንሰን ፕሮፕራኖሎል ስንጨምርለት ተረጋጋ። የዚያን ቀን እፍረቴን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አጠገቡ የተኛው ታካሚ ያንኑ መድኃኒት በዚያው መጠን ወስዶ ምንም አልሆነም። ለምን?

ፋርማኮሎጂ ክፍል ውስጥ ላንቀላፋን ሰዎች ባጭሩ ልበለው። እነዚህ መድኃኒቶች ዲ2 የተባለውን የዶፓሚን ተቀባይ ይዘጋሉ። በሽታውን የሚያበርዱት በዚሁ ነው። እንቅስቃሴን በሚያስተባብረው የአንጎል ክፍልም ስለሚዘጉት ግን አንገት ይጣመማል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይገትራል፤ ከረጅም ጊዜ በኋላም አፍና ምላስ በራሳቸው ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ። ዕድሜ፣ መጠንና የመድኃኒቱ ዓይነት ድርሻ አላቸው። ዘረ መልም እንደዚሁ።

ጉበታችን ሃሎፔሪዶልን ከሚያስወግድባቸው ኢንዛይሞች አንዱ ሲዋይፒ2ዲ6 ነው። ይህ ጂን የማይሠራላቸው ሰዎች ደም ውስጥ መድኃኒቱ ይጠራቀማል። የኔዘርላንድስ መመሪያ ለእነሱ ከተለመደው መጠን 60 በመቶውን ይመክራል። ወደ እኛ ስንመጣ ደግሞ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ጂን ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል። በዚህ ኢንዛይም የሚወገድ መድኃኒት እነሱ ጋ ቶሎ ያልቃል። ሃሎፔሪዶል ሌላም መውጫ መንገድ ስላለው ጂኑ ብቻውን ሁሉን አይወስንም። ቢሆንም ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳ መጠን ለሁላችንም ልክ ነው ማለት አይቻልም።

የጂን ምርመራ በየወረዳው እስኪደርስ አንጠብቅ። ከትንሽ መጠን እንጀምር። «ከቤተሰብ ይህን መድኃኒት ወስዶ የተንቀጠቀጠ ወይም የተጣመመ አለ?» ብለን እንጠይቅ። ታካሚው ሲቁነጠነጥ መጠን ከመጨመራችን በፊት «መቀመጥ የከለከለህ ከውስጥህ የሚነሣ ነገር ነው ወይ?» እንበለው። ይህን ሳንጠይቅ ስንቀር ታካሚው መድኃኒቱን በገዛ እጁ ይጥለዋል፣ በሽታው ይመለሳል፤ እኛም «እምቢተኛ ነው» ብለን ካርዱ ላይ እንጽፋለን።

እዚህ ያላችሁ ሐኪም ያልሆናችሁም፣ ዘመዳችሁ እንዲህ ሲሆን ካያችሁ መድኃኒቱን አታስቁሙት፤ ሐኪሙ ዘንድ ውሰዱትና እንደዚያች እናት ደፍራችሁ ተናገሩ።

እኔ ትምህርቴን የጨረስኩት ከእሳቸው ነው።