ስለ መብራት አቀማመጥ

(ለዕረፍት ወደ መርሳና ወደ ሀብሩ ገጠሮች ለሚሄዱ ተማሪዎች ወልድያ ላይ ከተደረገ ንግግር)



በአገራችን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ «መብራት ጠፋ» እንላለን እንጂ «ኤሌክትሪክ ጠፋ» የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም። ድርጅቱንም ሕዝቡ የሚጠራው «መብራት ኃይል» እያለ ነው። ከዚህ አነጋገር የተነሣ ይመስለናል፥ መብራት የሚመጣና የሚሄድ ነገር ብቻ ሆኖ፥ ስፍራ ሊመረጥለት የሚገባ ዕቃ መሆኑ ተዘንግቷል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ስፍራ ነው።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን ይዞ በቆየባቸው ወራት ኤሌክትሪክ ተቋርጦ፥ ከተሜውም እንደ ገጠሩ ወደ ኩራዝና ወደ ሻማ ተመልሶ ነበር። መስመር ባልገባባቸው ገጠሮች ደግሞ ይኸው ኑሮ የዘወትር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ስለ ኩራዝ እንናገር።

መብራት ከመጽሐፍ በእጥፍ ሲርቅ፥ ገጹ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚቀንሰው በግማሽ ሳይሆን እስከ ሩብ ድረስ ነው። እንግዲህ በ2 ሜትር ርቀት ምሰሶ ላይ የተሰቀለው መብራት ወርዶ ከደብተሩ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢቀመጥ፥ ያው ጋዝ እየተቃጠለ 16 እጥፍ ብርሃን ይሰጣል ማለት ነው። በቀኙ ለሚጽፍ ልጅ መብራቱ በግራው፥ ለግራኝ በቀኙ ይሁን፤ አለዚያ የገዛ እጁ ጥላ ይጋርደዋል። ኩራዝ ሲጠጋ የመገልበጥና የማቃጠል አደጋ ስላለው ግን ብርጭቆ ያለው ፋኖስ ይመረጣል፤ ከተገኘማ በሶላር የሚሞላው ትንሽ መብራት ከሁሉ ይበልጣል፥ ጭስም የለውም።

መስመር የገባበትም ቤት ቢሆን ከዚህ ችግር አልዳነም። አንድ አምፑል ከኮርኒሱ መካከል ይንጠለጠልና ቤቱ በራ ይባላል። እናታችን ግን ጀርባዋን ለአምፑሉ ሰጥታ ከግድግዳው ሥር ስለምትሠራ፥ ሽንኩርቱን የምትከትፈው በራሷ ጥላ ውስጥ ነው። ሁለተኛው አምፑል ሥራው ካለበት በላይ፥ ከፊቷ በኩል ይሁን። 9 ዋት የሚወስደው የኤል ኢ ዲ አምፑል የድሮው ባለክር 60 ዋት የሚሰጠውን ያህል ብርሃን ስለሚሰጥ፥ ወጪው ይበዛል የሚል ምክንያት አይቀርብም። በሳሎኑ ኮርኒስ ዙሪያ የሚደረደረውን ባለቀለም መብራት አንቃወምም፥ ለሠርግ ያምራል፤ ነገር ግን ጓዳው ጨልሞ ሳሎኑ ሲያብረቀርቅ እንግዳውን አክብረን ባለቤቲቱን መርሳታችን ነው። ግድግዳውም አይዘንጋ። ጥቀርሻ የለበሰ ግድግዳ ብርሃን ይውጣል፥ በኖራ የተቀባ ግን አብዛኛውን መልሶ ይሰጣል።

ወደ ደጅ እንውጣ። በየግቢው በር ላይ ክዳን የሌለው ኃይለኛ መብራት መስቀል ልማድ ሆኗል። ይህ መብራት የሚያበራው ዓይንን ነው እንጂ መንገድን አይደለም። ዓይን ከደማቅ ብርሃን ወጥቶ ጨለማን በሚገባ እስኪለምድ 20 ደቂቃና ከዚያም በላይ ስለሚፈጅበት፥ ከመብራቱ ያለፈ ሰው የሚገባው ይበልጥ ወደ ጨለመ ስፍራ ነው። ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታዋ ማታ የምትመለስ እኅታችን የምትፈራው በሩን ሳይሆን ከበሩ በኋላ ያለውን ጥግ ነው። ስለዚህ በማናቸውም የትምህርት ግቢ ከአንድ ኃይለኛ መብራት ይልቅ፥ ባርኔጣ መሰል ክዳን ያላቸውና ወደ መሬት የሚያዩ ሦስት አራት መጠነኛ መብራቶች በመንገዱ ላይ ቢደረደሩ ይሻላል። ምሰሶው የት ይተከል ሲባልም አስቀድሞ መጠየቅ ያለባቸው ማታ ማታ በዚያ የሚያልፉት ሴቶች ናቸው። ይህን ጥያቄ ማኅበራችን ደጋግሞ ማንሣት ይገባዋል እንላለን።

በሲሪንቃ በኩል ወርዳችሁ መርሳ ስትደርሱ ሙቀቱ ስለሚጨምር ነፍሳቱም ይበዛሉ። ወደ ነጭ ብርሃን ይበልጥ፥ ወደ ቢጫው ያነሰ ስለሚመጡ፥ የደጁ አምፑል ቢጫ ሆኖ ከመዝጊያው ጥቂት እርምጃ ራቅ ይበል። የወባ ትንኝን የሚከላከለው ግን አጎበር እንጂ የአምፑል ቀለም አይደለም፤ ማንም በዚህ እንዳይዘናጋ።

ሶላር የሚገዛ ቤተሰብ ካላችሁም ጣሪያው ላይ አብራችሁ ውጡ። ሰሌዳው ፊቱን ወደ ደቡብ ያድርግ፥ በአካባቢያችን 12 ዲግሪ ያህል ዘንበል ማለቱ ይበቃዋል። የዛፍ ጥላ አይረፍበት፤ በበጋም አቧራው በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።