እናታችንን ለማን አደራ እንስጥ?

(በሬድዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይስፈን።



የዛሬው ርዕሳችን ብዙ ቤተሰብ በሹክሹክታ እንጂ ጮክ ብሎ የማያወራው ጉዳይ ነው። አሜሪካ ያለች እህት አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ሐረር ላለው ወንድሟ ትደውልና «እማዬን የአረጋውያን መንከባከቢያ ልናስገባት ነው» ትላለች። ወንድም ጥቂት ዝም ይላል። ከዚያም «ዘጠኝ ወር የተሸከመችሽን እናት ለባዕድ ልትጥያት ነው?» ብሎ ይጮኻል። ስልኩ ይዘጋል። ከዚያ የሚከተለው ኩርፊያ አንዳንዴ ከእናትየዋ ዕድሜም በላይ ይቆያል።

በዚህ ክርክር ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ወንድም የወላጅ ሐቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቃል። በሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 23 ላይ አላህ (ሱ.ወ) እርሱን ብቻ እንድንገዛ ካዘዘ በኋላ ወዲያው ያስከተለው ለወላጅ በጎ መዋልን ነው፤ የመሰላቸት ቃል እንኳ እንዳንናገራቸው ከልክሎናል። አንቀጹ የሚያወሳውም ወላጆች በልጃቸው ዘንድ እያሉ ለእርጅና ሲደርሱ ነው። ስለዚህ የአረጋዊ ወላጅ የመጀመሪያ ስፍራ የልጅ ቤት መሆኑ አያከራክርም። እህት ደግሞ ወንድሟ ያላየውን ሌሊት አይታለች። እናት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በር ከፍተው በጥር ውርጭ በስስ ልብስ ሲወጡ፣ ምድጃ ለኩሰው ሲረሱ፣ የወለዷትን ልጅ «ሌባ ገባ!» ብለው ሲጮኹባት አይታለች። በማለዳ ደግሞ ሥራ መግባት አለባት። አገሩም ጎረቤት ሳይጠራ ዘው ብሎ የሚገባበት አገር አይደለም።

ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። በኛ አገር አንድ አዛውንት መርሳት ሲጀምሩ «ጃጁ» ብለን እናልፋለን፤ ሌላው ደግሞ «ሲሕር ነው» ይላል። ቁርኣን መቅራቱ፣ ዱዓ ማድረጉ መልካም ነው፤ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ ግን አያግድም። ምክንያቱም የታይሮይድ ዕጢ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ጭምር የመርሳት በሽታ የሚመስል ነገር ያመጣሉ፤ እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው። ዋናው የመርሳት በሽታ፣ ማለትም አልዛይመርና ዘመዶቹ፣ እስካሁን የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ እንደነበር ገልጿል። ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከሰው ልጆች መካከል ካወቀ በኋላ ወደ አለማወቅ የሚመለስ እንዳለ በሱረቱ ነሕል አንቀጽ 70 እና በሱረቱል ሐጅ አንቀጽ 5 ተወስቷል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከዚያ ደካማ ዕድሜ በአላህ ይጠበቁ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። እንግዲህ የሚታፈርበት ነገር አይደለም።

ታዲያ መንከባከቢያ ማስገባት ሐራም ነውን? ልጅ አቅም እያለው፣ ለምቾቱ ብሎ ወላጁን ከቤቱ ማውጣቱ ትልቅ ጥፋት ነው። አቅሙ ሲያልቅና እናት ቤት ውስጥ ለአደጋ ሲጋለጡ ግን በዘመናችን ብዙ ዑለማዎች ተገቢ ቦታ ፈልጎ ማስገባትን፣ መጠየቁና ወጪው በልጆች ላይ እንዳለ ሆኖ፣ አይከለክሉም። የየራሳችሁን ሁኔታ ለምታምኑት ዓሊም ዘርዝራችሁ ጠይቁ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። በገዛ ልጃቸው ቤት ቀኑን ሙሉ በር ተቆልፎባቸው የሚውሉ እናቶች አሉ፤ መንከባከቢያ ገብተው አንድም ቀን ያለ ጠያቂ የማያድሩ እናቶችም አሉ። የሐቁን ሚዛን ስናይ ይህንንም እንይ።

ከዚያ በፊት የቤቱ መንገድ በደንብ መሞከር አለበት። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ሜዲኬይድ ለቤት ውስጥ ረዳት ይከፍላል፤ ቀን ቀን አዛውንቶች የሚውሉባቸው ማዕከላትም አሉ። ሸክሙ በአንዲት ሴት ልጅ ትከሻ ላይ ወድቆ ሌሎቹ አምስት ልጆች በስልክ ምክር ብቻ የሚልኩበት አሠራር ግን የትም አያደርስም። ጊዜ የሌለው ገንዘብ ያውጣ፤ ገንዘብ የሌለው ሌሊቱን ይደር። አንዳንዶች እናትን ወደ አገር ቤት መልሰው፣ ቤት ተከራይተው፣ ሠራተኛ ቀጥረው ያስቀምጣሉ። የቅርብ ዘመድ አብሮ የሚያድር ከሆነ መልካም መፍትሔ ነው። ስለ በሽታው ምንም ያልተነገራት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ብቻዋን የምትጠብቃቸው ከሆነ ግን ችግሩን ከዓይናችን አራቅነው እንጂ አልፈታነውም።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። በአሜሪካ ሁለት ዓይነት ቤቶችን መለየት ያስፈልጋል። «ነርሲንግ ሆም» የሚባለው ቀንና ሌሊት የነርስ አገልግሎት ያለበት፣ በፌዴራል ሕግ የሚመረመር ነው። የሜዲኬር መሥሪያ ቤት «ኬር ኮምፔር» በተባለው ድረ ገጹ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጠዋል፤ የምርመራ ውጤቱም፣ ሠራተኛ ምን ያህል እንደሚለቅበትም እዚያው ይታያል። «አሲስትድ ሊቪንግ» የሚባለውና በውስጡ ለመርሳት ሕሙማን የተለየ «ሜሞሪ ኬር» ክፍል ያለው ግን ፈቃዱ ከየግዛቱ ነው፤ በዚያ የኮከብ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። ሕንፃው አምሮ፣ መግቢያው አበባ በአበባ ሆኖ ስታዩት አትሞኙ። የግዛቱን የቁጥጥር ሪፖርት ጠይቃችሁ አንብቡ።

ስለ ክፍያው ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሜዲኬር ለዘለቄታ ኑሮ አይከፍልም፤ ሆስፒታል ተኝቶ ለወጣ ሰው የሕክምና ክትትል ሲያስፈልገው ቢበዛ እስከ 100 ቀን ነው። ገቢና ንብረቱ አነስተኛ ለሆነ ሰው የሚከፍለው ሜዲኬይድ ነው፤ እርሱም በአብዛኛው ግዛት ያለፉትን አምስት ዓመታት የንብረት ዝውውር ይመረምራል። የእናትን ቤት በልጅ ስም ገልብጦ «ምንም የላቸውም» ማለት ውሸት ከመሆኑም በላይ ቅጣቱ በእናት ላይ ነው የሚወድቀው፤ ለተወሰነ ጊዜ ክፍያው ይከለከላቸዋል። የስደተኛነት ሁኔታም መብቱን ይለውጠዋልና ሕግ አዋቂ ጠይቁ። የጤና ውክልናውም እናት ገና የሚፈርሙትን በሚረዱበት ጊዜ ይፈረም።

ቤቱን ስትጎበኙ ቀጠሮ ይዛችሁ አንድ ጊዜ፣ ሳትነግሩ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ሂዱ። መግሪብ አካባቢ ሂዱ። የመርሳት ሕሙማን አብዛኛውን ጊዜ የሚረበሹት ቀኑ ሲመሽ ነውና የቤቱ ጠባይ ያኔ ይታያል። ሠራተኞቹ ሕመምተኛዋን ዝቅ ብለው ዓይናቸውን እያዩ ያናግራሉ ወይስ ከራሳቸው በላይ እርስ በርስ ያወራሉ? ሌሊት ስንት ሰው ለስንት ሕመምተኛ ያድራል? በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ኢትዮጵያውያን እህቶችና ወንድሞች በየከተማው ብዙ ናቸው፤ ከመስጊድ ስትወጡ ጠይቁ፣ የቤቶቹን ጓዳ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ቋንቋ ጠይቁ። የመርሳት በሽታ ሲገፋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ዘግይቶ የተለመደው ቋንቋ ነው። ሃያ ዓመት ገበያ ውስጥ እንግሊዝኛ ይናገሩ የነበሩ እናት ወደ አማርኛቸው፣ ወደ ኦሮምኛቸው ወይም ወደ ሐረሪያቸው ይመለሳሉ። «ሽንቴ መጣ» ሲሉ የሚሰማቸው የለም። ይጮኻሉ፤ መዝገቡ ላይ «ትረበሻለች» ተብሎ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ማደንዘዣ መሰል የአእምሮ መድኃኒት ይታዘዛል። እነዚህ መድኃኒቶች በመርሳት በሽታ በተያዙ አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቶባቸዋል። የ1987ቱ የፌዴራል ሕግም ለሠራተኛ ምቾት ሲባል በነርሲንግ ሆም ያለን ሰው በመድኃኒት ማፍዘዝን ይከለክላል። ስለዚህ አዲስ መድኃኒት ሲጀመር ለምን እንደሆነ ጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም የቋንቋ እገዛ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበትም አስታውሱ።

የስምን ነገር ቀላል አታድርጉት። እዚያ የሚጠሩት በመጨረሻው ስም ነው፤ የኛ የመጨረሻ ስም ደግሞ የአባት ወይም የአያት ነው። እናት ሰባ ዓመት ሙሉ ያልተጠሩበትን ስም ሲሰሙ ዞር አይሉም፤ «ስሟን አታውቅም» ተብሎ ይመዘገባል። እንግዲህ አንድ ወረቀት በእንግሊዝኛ አዘጋጁና ከአልጋቸው ራስጌ ለጥፉ። የሚጠሩበትን ስም፣ የት እንዳደጉ፣ ምን ሠርተው ልጅ እንዳሳደጉ ጻፉ። ውሃ፣ ሽንት፣ አመመኝ፣ በረደኝ፣ ፈራሁ የሚሉትን ቃላት አነጋገራቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል አስፍሩ። በእጃቸው የሚበሉት ልማድ ስለሆነ እንጂ ማንኪያ መያዝ ስለረሱ አለመሆኑን ጻፉ።

ነርሲንግ ሆም በገባ ሰው ላይ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ የእንክብካቤ ዕቅድ እንዲወጣ ሕጉ ያዛል፤ ቤተሰብም የመሳተፍ መብት አለው። የሃይማኖታችን ጉዳይ የሚገባው እዚህ ነው። በቃል የተነገረ ነገር ሠራተኛ ሲለዋወጥ ይጠፋል። ገላ የምታጥበውና ልብስ የምትቀይረው ሴት እንድትሆን ይጻፍ። በውሃ መታጠብ የለመዱ እናት በወረቀት ብቻ ሊጠርጓቸው ሲሞክሩ ይታገላሉ፤ «እንክብካቤ እምቢ ትላለች» የሚባለው ይህ ሊሆን ይችላልና ማንቆርቆሪያ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ይቀመጥ። ሂጃባቸው ላይ ስም ይጻፍበት፤ ከልብስ ማጠቢያ ክፍል የማይመለስ ነገር ብዙ ነው። ምግብ ላይ «አሳማ አንሰጥም» የሚለው መልስ አይበቃም፤ ሾርባውና ጄሎውም ይጠየቅ። ሐላል ሥጋ ከሌለ ዓሣ፣ እንቁላልና አትክልት ይበቃል፤ እንጀራውን እናንተ ውሰዱ። ከሞት በኋላ ስለሚሆነውም ቀድሞ ይጻፍ፤ የመስጊዱ ስልክ መዝገባቸው ላይ ይኑር።

ስለ ሶላትና ጾም የሚጨነቁ ልጆች ብዙ ናቸው። አእምሮው የተወሰደ ሰው ላይ ግዴታው እንደሚነሣለት በሐዲስ የተረጋገጠ ነው። እናት አንድ ረከዓ ሰግደው ቢያቆሙ ወይም ስድስት ቢሰግዱ አታርሟቸው። የልጆቻቸውን ስም ረስተው ፋቲሓን ሳያዛንፉ የሚቀሩ አሉ፤ አብራችሁ ቅሩ። ረመዷን መሆኑን ሰምተው ምግብ እምቢ ቢሉ «መግሪብ ደርሷል» ብላችሁ ከማታለል ይልቅ፣ ሕመምተኛ እንደማይጾም በለዘብታ ንገሯቸውና አጠገባቸው ቁጭ በሉ።

ጥፋት ስታዩ መጀመሪያ ለኃላፊዋ ነርስ ንገሩ። መልስ ካጣችሁ በእያንዳንዱ ግዛት «ኦምቡድስማን» የሚባል፣ ለነዋሪዎች የሚቆም፣ ክፍያ የማይጠይቅ አካል አለ። አንዳንዶች «ብንናገር እማዬን ይበቀሏታል» ብለው ይፈራሉ። እኔ ያለኝ ግምት ተቃራኒው ነው፤ ጠያቂ እንዳላት የታወቀች ሕመምተኛ የተሻለ ትያዛለች።

አሁን ስልኩን የዘጋው ወንድም፣ አንተም ድርሻ አለህ። እናትህ የሚወዱትን መንዙማ፣ የጎረቤቶቻቸውን ድምፅ፣ የሰፈራችሁን አዛን ቀድተህ ላክ። እነርሱ ዘንድ ቀኑ በሚመሽበት ሰዓት ደውል፤ «ማን ነኝ?» ብለህ አትፈትናቸው፤ ስምህን ራስህ ተናገርና ዱዓ እንዲያደርጉልህ ጠይቃቸው። የወሩን ወጪ ከወንድሞችህ ጋር ተካፈል። ወደ እህትህም መልሰህ ደውል፤ ዛሬ ተኝታ እንዳደረች ጠይቃት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።