ፒካፕ፣ ተሳቢና ቁልቁለት

እሷ፦ ወንድሜ፣ ወቅቱ የመኸር ነው። ከጊንጪ እስከ ጉደር የጤፍ መውቂያ የሚጎትት ፒካፕ ስታይ ምን ይሰማሃል?

እሱ፦ መጎተቱንስ ይጎትታል እህቴ። ጭንቁ ሲቆም ነው።

እሷ፦ እንዴት?

እሱ፦ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው ክብደቱ ሁሉ በፒካፑ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ብዙ አምራቾች ለእንዲህ ያለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ በላይ አይፈቅዱም። ከሆለታ እስከ አምቦ ደግሞ መንገዱ 300 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል።

እሷ፦ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥተው የሚወርዱም አሉ።

እሱ፦ ጥፋት ነው! ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ይወረዳል፤ ሞተሩ መኪናውን ይይዛል። ፍሬን ብቻ ሲረገጥ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ ይከዳል።

እሷ፦ የጭነቱስ አቀማመጥ?

እሱ፦ ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት። ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢው ይወዛወዛል፤ ፒካፑንም ይዞት ይሄዳል።

እሷ፦ እንግዲህ ባለፒካፖች፣ መንጠቆውን በሰንሰለት አጠናክሩ፤ የተሳቢው የኋላ መብራት መሥራቱን እዩ፤ መውቂያው ላይ ሰው አትጫኑ። እህሉ ከነባለቤቱ በሰላም ይግባ።