አንበጣ ድንበር አያውቅም



በ2012 ዓ.ም. ማሳችን ላይ የወረደው አንበጣ ከየመን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። መንጋው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ጎረቤት አገር ሳይረጭ የቀረ ኩብኩባ ክንፍ ሲያወጣ እኛ ዘንድ ያርፋል።

የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት በ1962 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ጅቡቲ፣ ሱዳንና ሌሎችም አባላቱ ናቸው። የሚሠራው በአገራቱ መዋጮ ስለሆነ መዋጮው ሲዘገይ ርጭቱም ይዘገያል።

አውሮፕላኑ ግን የት እንደሚረጭ የሚነግረው ይፈልጋል። እንቁላል የሚጥለው ቢጫው አንበጣ ነው። እርጥብ አሸዋማ መሬት ላይ ሲያርፍ ካያችሁ ቦታውን ለይታችሁ በዚያው ዕለት ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ንገሩ። ኩብኩባ ገና መብረር ስለማይችል በቀላሉ ይያዛል። ቆርቆሮ መምታትና ማጨስ መንጋውን ወደ ጎረቤት ማሳ ከማባረር አያልፍም።