ከውኃው ጎን ምን ይቁም?



ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ 5,150 ሜጋዋት ለማመንጨት የሚችል በመሆኑ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ነገር ግን ደስታ ዕቅድን አይተካም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ግድብ ውኃ በማነሱ መብራት በፈረቃ መታደሉን አንዘነጋም። አብዛኛው ኃይላችን ከወንዝ ነው፤ ወንዝም ዝናብ ይጠብቃል።

እንግዲህ ከውኃው ጎን ምን እናቁም? በእኛ አስተያየት አስቀድሞ ነፋስን ነው። በአገራችን ብዙ ቦታ ነፋስ የሚበረታው በበጋ፣ የግድቦቹ ውኃ በሚጎድልበት ወራት ስለ ሆነ፣ ነፋሱ በሠራ ቁጥር ውኃው ይቆጠባል። ሁለተኛው የስምጥ ሸለቆ እንፋሎት ነው፤ እርሱ ቀንና ሌሊት፣ ክረምትና በጋ አይለይም።

ኑክሌርስ? አገራችን በመስከረም 2018 ዓ.ም. ስለ ኑክሌር ጣቢያ ሥራ ከሩስያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። ኑክሌር ዝናብ አይጠብቅም። ይሁን እንጂ 1,000 ሜጋዋት የሚሰጥ አንድ ማሽን በድንገት ቢቆም፣ መላው መስመር እንዳይወድቅ ወዲያው የሚተካው ኃይል ያስፈልጋል። ፈጥኖ ሊደርስለት የሚችለውም በግድብ የተጠራቀመ ውኃ ነው። ስለዚህ ኑክሌሩም ቢሆን የተቆጠበ ውኃ ይሻል።

ሰውም ይሻል። ማሽኑ በግዢ ይመጣል፤ ማሽኑን የሚመረምረው፣ ጨረር ያለበትን ዝቃጭ ለረጅም ዘመን የሚጠብቀው፣ አደጋ ሲያይም «ይቁም!» ብሎ የሚያዝ ባለሙያ ግን ከእኛው መካከል መውጣት አለበት። መብራት ገና ያልደረሰው ወገናችን ብዙ ነው። ዕዳውን የሚከፍለው እርሱ ነውና፣ መምህራኖቻችን ይህን ትምህርት ጣቢያው ከመሠራቱ አስቀድመው እንዲያስተምሩን በአክብሮት እንጠይቃለን።